ዛፍ ላይ የሚኖረው አበባ

በከፋ፣ በኢሉ አባቦርና በባሌ የቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ብንመለከት፣ በዛፎቹ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቁ ትናንሽ ተክሎች እናያለን። ከእነዚህ መካከል ኦርኪድ የሚባለው ይገኛል። ኦርኪድ በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ ዓይነት አለው። አንዳንዱ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ብዙው ግን ዛፍ ላይ ይኖራል።

ብዙዎቻችን ይህን ተክል ስናይ «ተቀጽላ ነው፤ ዛፉን ይመጠዋል» ብለን ነቅለን እንጥለዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተቀጽላ ሥሩን እዛፉ ውስጥ ሰርስሮ አስገብቶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል። ኦርኪድ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይበላም። እንግዳ ነው እንጂ ሌባ አይደለም። የሚጠጣው ዝናቡንና ጤዛውን ነው። ምግቡንም የሚያገኘው ቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ነው።

ታዲያ እንዴት እንለያቸው? ሥሩን እንይ። የኦርኪድ ሥር ወፈር ያለና ነጣ ያለ ነው፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። ቀስ ብለን ብናላቅቀው ከቅርፊቱ ላይ ይነሣል። ተቀጽላ ግን ከቅርንጫፉ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚያድግ ካልተቆረጠ አይለቅም።

የጥላ ዛፍ ስንገርዝ ወይም ነፋስ ቅርንጫፍ ሲጥል ኦርኪዱም አብሮ ይወድቃል። እዚያው ከቀረ ይበሰብሳል። ስለዚህ የወደቀውን አንሥተን በቤታችን ልናሳድገው እንችላለን። አያያዙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ አፈር ውስጥ አንቅበረው። ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ቅርፊት ባለው እንጨት ላይ በቃጫ ላላ አድርገን እንሰረው። ወይም ከታች በተበሳ ሸክላ ውስጥ የቅርፊት ስብርባሪና ከሰል ጨምረን እናስቀምጠው።

2ኛ/ ከጭስ እናርቀው። ጭስ የሚበዛበት ቤት እንቡጡን ያረግፍበታል። ከጣራው ክዳን ሥር ወይም በረንዳ ላይ ይሻለዋል። የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል፤ የቀትሩ ያቃጥለዋል። ቅጠሉ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው። ከቀላ ወይም ቢጫ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ በዝቶበታል።

3ኛ/ ውሃ የምናጠጣው ጠዋት ነው። የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይበልጣል። ሥሩ ነጭ ሲሆን እናጠጣው፤ አረንጓዴ ከሆነ እንቆይ። እንጨት ላይ የታሰረው ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ከሥሩ ውሃ እንዲያቁር አናድርግ።

4ኛ/ እበትና አመድ አንጨምርበት። ለጎመን የሚበጀው ሁሉ ለኦርኪድ አይበጅም።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። አንዳንዱ ዓይነት ነጭ አበባ ያወጣል፤ መዓዛውም ሲመሽ ይበረታል። ይህ ለምን ሆነ? አበባውን የሚያዳቅለው የእሳት ራት የሚበርረው በሌሊት ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ «አበባ ነውና እንሽጠው» ብለን ጫካውን ማራቆት አይገባንም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። አንድ ፍሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ቢይዝም፣ ዘሩ ስንቅ የለውም። የሚረዳው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። የበቀለውም ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። አንድ ቀን የተነቀለውን ለመተካት ብዙ ክረምት ያልፋል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረትም፣ የዱር ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላክ ክልክል ነው።

ቡናችን ላይ በዝቶ ቅርንጫፉን ካጎበጠውስ? ያን ጊዜ ቀስ ብለን አላቅቀን ወደ ጥላ ዛፍ እናዛውረው። ቡናውም ይቀልለዋል፤ ኦርኪዱም ይተርፋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተቀጽላንና ኦርኪድን በምን እንለያቸዋለን?
2. ኦርኪድ አፈር ውስጥ ቢቀበር ምን ይሆናል? ለምን?
3. በሰፈራችን ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ምን ምን ተክሎች አሉ? ዛፉን የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?