በአነስተኛ ገቢ የአሥራ አራት ቀን ስንቅ ማዘጋጀት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ከተገለጸበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ ኅብረተሰቡ አስገዳጅ ሁኔታ ካላጋጠመው በቀር ከቤቱ እንዳይወጣ ተደጋግሞ ይመከር ነበር። ምክሩን ለመፈጸም ግን በቤት ውስጥ የሚበላ ነገር መኖር አለበት። የዕለት ገቢውን በዕለቱ ለምግብ የሚያውል ቤተሰብ በየቀኑ ወደ ሱቅና ወደ ጉልት መውጣቱ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም፤ ኑሮው የሚያስገድደው ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በተለይ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ነው። ጤፉን በኩንታል፣ ዘይቱን በጀሪካን በአንድ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው።

ግቡ መጠነኛ ነው። በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ተለይቶ እንዲቆይ ይጠየቅ የነበረው ለ14 ቀናት ነው። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ ማንም ገበያ ሳይወጣለት ለ14 ቀናት የሚመገበው ስንቅ ካለው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማከማቸት ያለውን ጥቂት ገንዘብ ያስራል፤ እህሉን ለነቀዝ ያጋልጣል፤ ሁሉም ሰው ያደረገው እንደሆነም የገበያውን ዋጋ ያንራል።

መጠኑን ለመገመት በአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዕርዳታ ሲታደል ለአንድ ሰው በቀን የሚታሰበው ልክ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ይኸውም እህል 400 ግራም፣ ጥራጥሬ 60 ግራም፣ ዘይት 25 ግራም፣ ጨው 5 ግራም ያህል ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት በ14 ቀን ሲሰላ እህሉ 28 ኪሎ፣ ጥራጥሬው 4 ኪሎ ከሩብ ገደማ፣ ዘይቱ 2 ሊትር የማይሞላ፣ ጨዉም ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። በስምንት ሳምንት ሲከፋፈል ግን በየሳምንቱ ከተለመደው አስቤዛ ላይ የሚጨመረው 3 ኪሎ ተኩል እህል፣ ግማሽ ኪሎ ጥራጥሬና ሩብ ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ይህም ከአቅም በላይ ከሆነ ግማሹን እየጨመሩ ስንቁን በ16 ሳምንት መሙላት ይቻላል። የሦስት ቀን ስንቅ ያለው ቤት እንኳ ምንም ከሌለው ቤት እጅግ የተሻለ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ሊደረጉ አይገባም። ስንቅ ለማስቀመጥ ተብሎ በወለድ ገንዘብ መበደር ተገቢ አይደለም። የሕፃናት፣ የነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የዛሬ ማዕድም ለነገ ተብሎ ሊቀነስ አይገባም። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን የእናት ጡት ወተት ብቻ በቂው ስለሆነ፣ የዱቄት ወተት በስንቅነት መግዛት ለድሃ ቤተሰብ ከባድና አላስፈላጊ ወጪ ነው።

በመግዛት ጊዜ ቤተሰቡ ከዚህ በፊት የሚበላውንና አሠራሩን የሚያውቀውን መምረጥ ይሻላል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና በቆሎ በየአካባቢው ከጤፍ ረክሰው የሚገኙ ሲሆን ጥንቃቄ ከተደረገላቸው ለወራት ይቆያሉ። ከጥራጥሬ ወገን ምስርና ክክ ቶሎ ስለሚበስሉ ከሰል ይቆጥባሉ። ሙሉ አተርና ባቄላ የሚገዛ ሰው ሌሊቱን ዘፍዝፎ ቢያሳድራቸው በማገዶ በኩል ብዙ ያተርፋል። የኢትዮጵያ ቤት ጥንትም ለረጅም መንገድ የሚያዘጋጀው ስንቅ ለዚህ ጊዜ የተመቸ ነው። በሶና ቆሎ እሳት ሳያስፈልጋቸው ይበላሉ፤ የበሶው ውኃ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውኃ ማከሚያ የታከመ መሆን አለበት። ከማዕድ የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በፊት ተቆራርሶ በፀሐይ ከደረቀ ድርቆሽ ሆኖ ይቀመጣል። የእንሰት ተክል በሚበላበት አካባቢ ደግሞ ቆጮ ራሱን የቻለ ስንቅ ነው። ከአትክልት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ያልተላጠ ዱባ ነፋሻማ ቦታ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ድንች ጨለማ ስፍራ ይፈልጋል፤ ብርሃን አግኝቶ የአረንጓዴነት ቀለም ያወጣውን መመገብ ጎጂ ነው።

ስለ ጓያ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ጓያ ርካሽ ነው፤ ሳይበላሽም ይቆያል፤ ስለዚህ እጅ ሲያጥር ቀድሞ የሚታሰበው እርሱ ነው። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ በየቀኑ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በደምቢያ፣ በፎገራና በደላንታ ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶች፣ በዚህ ምክንያት በምርኩዝ ለመሄድ ተገድደዋል። እንፋሎቱ ይጎዳል የሚለው የቆየ እምነት ትክክል አይደለም፤ የሚጎዳው መብላቱ ነው። በመሆኑም ጓያን በስንቅነት አለማከማቸት ይመከራል። ሌላ ምርጫ የሌለው ቤተሰብ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ አሳድሮ ውኃውን መድፋት፣ ሲቀቅልም የመጀመሪያውን ውኃ መድፋት፣ ከዚያም ከሌላ እህል ጋር አብዝቶ መቀላቀል አለበት። ይህ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። የተፈጨ ሽሮ በተለየ ርካሽ ዋጋ ሲቀርብ ጓያ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከተቻለ አተሩን ወይም ሽምብራውን ገዝቶ ራስ ማስፈጨት የተሻለ ነው።

ድሃ ቤት ስንቁን የሚያጣው በመብላት ብቻ ሳይሆን በነቀዝና በሻጋታም ነው። እህል ከመቀመጡ በፊት ተለቅሞ በፀሐይ በሚገባ መድረቅ ይገባዋል። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅና ለአፍታ ማቆየት ነው። ጨዉ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥበት አለው፤ ተመልሶ ይሰጣ። ከዚያም ውስጡ ታጥቦ ፈጽሞ በደረቀ፣ ክዳኑ በሚገጥም የምግብ ዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ዕቃው ሙሉ ሲሆንና አየር ሳያስገባ ሲቀር ነቀዝ የሚተነፍሰው ያጣል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይውልም። ጆንያ የሚጠቀም ሰው ከመሬት በእንጨት ወይም በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳም አርቆ ያስቀምጠው።

ለነቀዝ ተብሎ በገበያ የሚሸጠው ክኒን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን በአንድ ክፍል ከእህሉ ጋር የሚያድረውንም ቤተሰብ ይገድላል።

የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝ ወይም በርበሬ ላይ ሻጋታው የሚተወው መርዝ ጉበትን ይጎዳል። ማጠብም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም። ገንዘብ የወጣበትን እህል መጣል እንደሚያሳዝን የታወቀ ነው፤ ቢሆንም መጣል አለበት። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ወደ ልጆች ይመጣል።

እህል ሳይፈጭ ከዱቄት የበለጠ ይቆያል። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ተለይቶ በሚቆይበት ጊዜ ወደ ወፍጮ ቤት መሄድ ስለማይቻል፣ ከስንቁ ከፊሉ ሁልጊዜ ተፈጭቶ መገኘት አለበት። የቀድሞው ዱቄት ሲበላ አዲሱ በቦታው ይተካል። በየዕቃው ላይ የተገዛበትን ቀን በከሰልም ቢሆን መጻፍ የትኛው መቅደም እንዳለበት ያስታውሳል። ዘይት ከፀሐይና ከምድጃ ሙቀት መራቅ አለበት። አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ቢሆን አዮዲኑ ብዙ አይባክንም።

ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ኩንታል እህል ቢገዙና ቢካፈሉ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል፤ ከአምስት ቤት አንድ ሰው ብቻ ስለሚወጣም የገበያው ግፊያ ይቀንሳል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ባለበት ቀበሌ ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅ ጠቃሚ ነው። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ጤነኛና በዕድሜ ያልገፋ ቢሆን ይመረጣል። አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሰዓቱን ማለዳ ያድርግ፤ ከሌላው ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ፤ ሲመለስም እህሉን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ክፍፍሉ ደጅ ላይ በየተራ እንጂ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ አይደረግም።

ቤተሰቡ ተለይቶ ባለበት ጊዜ ስንቁ ቢያልቅ ማንም ሰው ተደብቆ ወደ ሱቅ መውጣት የለበትም። ለጎረቤት፣ ለዕድሩ ዳኛ ወይም ለቀበሌው በስልክ ወይም በደጅ ሆኖ ከርቀት ማሳወቅ ይቻላል። ምግብ የሚያመጣው ሰው በር ላይ አስቀምጦ ከራቀ በኋላ የቤቱ ሰው ወጥቶ ይወስዳል፤ የመጣበትም ዕቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይመለሳል። ከቤተሰቡ አባላት አንዱ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢታይበት በነፃ የስልክ መስመር 8335 መደወል ያስፈልጋል።