ዓላማ፣ ሰውና አሠራር በአንድ ቀንበር
በድሬዳዋ ዙሪያ ለሚገኙ የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ኅብረት ሥራ ማኅበር ትርፍ ለማካበት ሳይሆን አባሎቹን ለማገልገል የሚቆም ድርጅት ነው። ይሁን እንጂ መልካም ዓላማ ብቻውን ቲማቲም ገበያ አያደርስም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንዱ ወደ ቦይ፣ ሌላው ወደ ድንበር ቢጎትት እርሻው እንደማይቃና ሁሉ፣ የማኅበሩ ዓላማ፣ ሰዎቹና የዕለት አሠራሩ ካልተስማሙ ሥራው አይሰምርም። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን እንዴት ማስማማት እንደሚቻል እናመለክታለን።

2. ካለፈው የምንማረው

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገበሬው መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ አድርጎ የሚሠራባቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች ይደራጁ ነበር። መንግሥት በማዳበሪያና በብድር ቅድሚያ ይሰጣቸው ነበር። ነገር ግን በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአባሎቻቸው ውሳኔ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅትም የበርካታ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ንብረት ተዘርፏል። ዓላማው ከላይ የመጣ ስለነበረ ብዙው አባል ንብረቱን እንደ ራሱ አላየውም።

ይህ የሆነው ገበሬው በኅብረት መሥራት ስለማያውቅ አይደለም። በሐረርጌ ጉዛ፣ በሌላው አካባቢ ደቦና ወንፈል ዛሬም አሉ። በጉዛ ማን ለምን እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራና ተራው መቼ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። ማኅበሩም ይህን ያህል ግልጽ መሆን ይገባዋል።

3. ዓላማ

ዓላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ አባሎች በሚናገሩት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሶማሊኛ፣ ተነቦ ሊገባቸው ይገባል። «የአባሎችን ኑሮ ማሻሻል» ማለት አይበቃም። «የአባሎችን ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድነት ሰብስበን፣ በሚዛን ለክተን፣ ነጋዴው ማሳ ድረስ መጥቶ ከሚሰጠው በተሻለ ዋጋ መሸጥ» ቢባል ግን መሟላት አለመሟላቱ በየሳምንቱ ሊታይ ይችላል።

4. ሰው

በሕጉ መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባዔው ነው። እያንዳንዱ አባል ያለው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ድምፅ ብቻ አለው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሥራውን ይመራል፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ይከታተላል። በመሆኑም፦

ሀ/ የሚመዝን፣ የሚመዘግብና ገንዘብ የሚይዝ ሰው የተለያየ ይሁን።
ለ/ ለሒሳብ ሥራ የሚመረጠው በዝምድና ወይም በንግግር ችሎታ ሳይሆን መጻፍና ማስላት በመቻሉ ይሁን።
ሐ/ በማሳና በችርቻሮ የሚደክሙት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ስለሆኑ፣ በአባልነትና በኮሚቴ እንዲገቡ ይደረግ።

5. አሠራር

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት። ቀፊራ ገበያ ለአምራቹ ቅርብ ነው፤ ደላላውም የዚያኑ ያህል ቅርብ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ፈተና የክፍያው ቀን ነው።

አንድ አባል 3 ኩንታል ቲማቲም አመጣ እንበል። ዋጋዎቹ ለማስላት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ማኅበሩ በኩንታል 2,000 ብር ቢሸጥ፦ 6,000 ብር
ከመቶ 5 ለአገልግሎት ሲቀነስ፦ 300 ብር
ለአባሉ የሚደርሰው፦ 5,700 ብር
ነጋዴ በማሳ በኩንታል 1,800 ብር ቢከፍል፦ 5,400 ብር

ማኅበሩ በ300 ብር ይበልጣል። ነገር ግን ክፍያው 3 ሳምንት ቢዘገይ፣ ለፓምፑ ናፍጣ ዛሬ መግዛት ያለበት አባል ለነጋዴው ይሸጣል። እርሱን ከሃዲ ማለት ስህተት ነው፤ ያራቀው አሠራሩ ነው።

መፍትሔው በርክክቡ ዕለት ከፊሉን፣ ለምሳሌ 4,000 ብር፣ መክፈልና ቀሪውን 1,700 ብር ከሽያጭ በኋላ ማስረከብ ነው። በቀን 10 አባላት ቢያስረክቡ 40,000 ብር ያስፈልጋል። የሽያጩ ገንዘብ በ3 ቀን የሚመለስ ከሆነ ተዘዋዋሪው ገንዘብ 120,000 ብር መሆን አለበት፤ በ1 ቀን የሚመለስ ከሆነ 40,000 ብር ይበቃል። እንግዲህ ብድር ከመጠየቅ አስቀድሞ የገንዘቡን መመለሻ ጊዜ ማሳጠር ይገባል።

በተጨማሪ፦

ሀ/ ቲማቲሙ በማለዳ ይለቀም፤ ለሩቅ ገበያ የሚሄደው ቀለም መለወጥ ሲጀምር ይለቀም፤ በጥላ ሥር ይቆይ።
ለ/ ሚዛኑ አባሉ ቁጥሩን በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ደረሰኝ ወዲያውኑ ይሰጥ።
ሐ/ የሸመታና የሽያጭ ዋጋ በየዕለቱ በሰሌዳ ይለጠፍ።

6. ለኤክስቴንሽን ሠራተኛው

ማኅበሩን ሲጎበኙ ከጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን ከሚዛኑ ይጀምሩ። ሦስት አባሎችን ለየብቻ ይጠይቁ፦ ማኅበሩ ለምን ቆመ? ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ያለፈው ክፍያ በስንት ቀን ደረሰህ? ወይም ደረሰሽ? መልሳቸው አንድ ከሆነና ከመዝገቡ ጋር ከተስማማ ማኅበሩ ጤናማ ነው። ከተለያየ፣ ልዩነቱ የታየበት ጥያቄ ችግሩ ከዓላማው፣ ከሰዉ ወይም ከአሠራሩ መሆኑን ይጠቁማል።

ማሳሰቢያ፦ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ያማክር እንጂ አይወስን፤ ቁልፍና ገንዘብም አይያዝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩን የሚፈትሉትና የሚገምዱት ግን አባሎቹ ራሳቸው ናቸው።