ሕፃናትን በቤት ውስጥ ኃላፊነትን ስለ ማስተማር

በቤታችን ብርጭቆ ሲሰበር የሚሰማውን ቃል ልብ ብለን እናውቃለን? ሕፃኑ «ብርጭቆው ተሰበረ» ይላል፤ ከፍ ያለው ደግሞ «ተሰበረብኝ» ይላል። ደብተሩ «ጠፋብኝ»፣ ወተቱ «ገነፈለብኝ»፣ ሰዓቱ «ረፈደብኝ» ነው። ቋንቋችን ባለጸጋ ነውና ጥፋቱን ለዕቃው ሰጥቶ አጥፊውን ተጎጂ የሚያደርግ አነጋገር አለው። እንዲህ ብሎ መናገር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እኛ አዋቂዎቹም ቀኑን ሙሉ የምንናገረው ነው። ነገር ግን ልጁ «እኔ ሰበርኩት» ማለትን ከቤቱ ሳይማር ካደገ፣ ኋላ ስለ ኃላፊነት የሚነገረው ሁሉ ሥር የሚሰድበት መሬት አያገኝም።

ሽሽቱ ከሰው ልጅ ጋር የቆየ ነው። አዳም ስለ በላው ፍሬ በተጠየቀ ጊዜ ምክንያቱን ወደ ሔዋን፣ እንዲያውም እርስዋን ወደ ሰጠው አምላክ አዞረ፤ ሔዋንም ወደ እባቡ አዞረች (ዘፍ. 3፡12-13)። እግዚአብሔር የጠየቃቸው ነገሩ ተሰውሮበት አልነበረም፤ ራሳቸው እንዲናገሩት ዕድል ሲሰጣቸው እንጂ። በእኛ ዘንድ ግን ገና ዳዴ የሚለው ሕፃን ወድቆ ሲያለቅስ መሬቱን መትቶ «ይኸው መታሁልህ» እያሉ ማባበል የተለመደ ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሕፃኑ ግን ከዚያው ይማራል።

ቅዱስ ፒዮስ ዐሥረኛ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ በላቲን ሥርዓት ያሉ ልጆች ማመዛዘን ሲጀምሩ፣ ይኸውም በ7 ዓመት ገደማ፣ ወደ ምሥጢረ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርቡ ወስነዋል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የ7 ዓመት ልጅ በካህን ፊት ቀርቦ «ይህን አደረግሁ» ለማለት ይበቃል ብላ ታምናለች። ልጁ ቤቱ ሲመለስ ግን «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ይባልለታል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

«የእኛ ልጆች እንኳ ሥራ ለምደዋል፤ ይላላካሉ» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ሱቅ ይሄዳሉ፣ እንግዳ እጅ ያስታጥባሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ። ይህ መልካም ባህል ነው፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ነገር ግን መላላክና ኃላፊነት አንድ አይደሉም። የሚላላክ ልጅ በሌላ ሰው ሐሳብ ይንቀሳቀሳል፤ ካልተጠራ ይቀመጣል። ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ግን ማንም ሳይጠራው ነገሩን ያስባል። ጌታችን ስለ ሁለቱ ልጆች በተናገረው ምሳሌ እሺ ብሎ ወደ ወይኑ ቦታ ያልሄደውን ልጅ እናስታውስ (ማቴ. 21፡28-31)። መልሱ ያማረ ነበር፤ ወይኑ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰማ፤ ለካህኑ ለዔሊ የሚደርስ አስፈሪ ቃልም ተቀበለ። ሲነጋ ምን አደረገ? የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ (1 ሳሙ. 3፡15)። የዘወትር ሥራው ነበርና። ዳዊትም ለወንድሞቹ ስንቅ እንዲያደርስ አባቱ በላከው ጊዜ በጎቹን ለጠባቂ ትቶ ሄደ (1 ሳሙ. 17፡20)። አባቱ ስንቁን አዘዘው እንጂ ስለ በጎቹ ጠባቂ እንደ ነገረው አልተጻፈም። በአንድ ጥቅስ ውስጥ መላላክንም ኃላፊነትንም እናያለን።

ስለዚህ ለልጁ አንድ ሥራ ይሰጠው፤ ብዙ አያስፈልግም። የ4 ዓመት ሕፃን የቤተሰቡን ጫማ ጥንድ ጥንዱን አገናኝቶ ሊደረድር ይችላል። የ7 ዓመት ልጅ ለዶሮዎች ውሃና ጥሬ ሰጥቶ፣ ማታ ቆጥሮ ሊዘጋባቸው ይችላል። ዶሮ በማይረባበት የኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኖቹ መሞላታቸውን የሚከታተል ይሁን። ሥራው ግን እውነተኛ መሆን አለበት፤ ባይሠራ የሚጎድል፣ ሌላው ሰው የሚጠብቀው። ልጁ ረስቶት እናቲቱ በስውር ብትሠራለት ሥራው ያን ጊዜ የእርስዋ ሆነ። ዶሮዎቹን በውሃ ጥም ማሳደር ደግሞ አይገባም። ልጁን ከተኛበትም ቢሆን ቀስ ብሎ ቀስቅሶ፣ ባዶውን ሳህን አሳይቶ፣ ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ይሻላል፤ ቁጣ አያስፈልገውም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ተረታችን። ለዛሬ እራት በእርግጥ አይበቃም፤ ይቀጥናል ወይም ይደፋል። ነገር ግን ሊጥ እንዳትነካ የተከለከለች ልጅ፣ ሊጥ እንዲነካ ከቶ ያልታሰበ ወንድ ልጅም፣ 20 ዓመት ሲሞላቸው መቼ ተምረው ያቦካሉ? ይህን ስንል ግን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ከብት ማስጠበቅን ወይም በጉልበቱ መጠቀምን መደገፋችን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይኸው ነው።

በከተማ ሌላ ፈተና አለ። የ12 ዓመቱ ልጅ የበላበትን ሳህን ጥሎ ይነሣል፤ የምታነሣው ከገጠር የመጣች፣ ምናልባት በዕድሜ እምብዛም የማትበልጠው የቤት ሠራተኛ ናት። እርስዋ የሌለች እንደ ሆነም እህቱ ታነሣለች። ይህ ልጅ የሚማረው ስንፍናን ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሰው ለሌላው አገልጋይ ሆኖ እንደ ተፈጠረ ይማራል። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ በእሑድ ትምህርት ብንነግረው እንኳ የሳህኑ ትምህርት በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይሰጠዋል።

የቀረው የቅጣት ነገር ነው። «እኔ ሰበርኩት» ብሎ በመጣ ልጅ ላይ ቀበቶ ከተፈታ፣ የሚቀጥለውን ብርጭቆ የምትሰብረው ድመቷ ናት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቺስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ምዕራፍ 7 ላይ፣ ያጠፋ ልጅ ይቅርታ እንዲጠይቅና ያደረሰውን ጉዳት እንዲጠግን መምራት እንደሚገባ ያስተምራሉ። ስለዚህ እውነቱን በመናገሩ ይመስገን፤ ስብርባሪውን ከትልቅ ሰው ጋር ያጽዳ፤ በዓመት በዓል ከዘመድ ካገኘው ገንዘብም ለአዲሱ ብርጭቆ ጥቂት ያዋጣ።

አባትም በማታው የቤተሰብ ጸሎት ላይ፣ ቤተሰቡን እሑድ ከቅዳሴ ያዘገየው እርሱ ከሆነ፣ «ታክሲ ጠፍቶብን ነው» በማለት ፈንታ «ዘግይቼ የተነሣሁት እኔ ነኝ» ብሎ በልጆቹ ፊት ይናገር።