ሚስማር የሚተኩሰው ማሽንና የእጃችን አማና

ሶፋና አልጋ የሚሠራ ልጅ ወይም ወንድም በቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡለት።

በኮምፕሬሰር አየር የሚሠራው ሚስማር መምቻ ማሽን ሥራ ያፋጥናል፤ አደጋው ከምላጩ ይጀምራል። በአንዳንዱ ማሽን ምላጩን ስበው ከያዙት አፉ በነካው ነገር ሁሉ ላይ ይተኩሳል፣ እንጨትም ይሁን የጓደኛ ጭን። ሌላው ግን መጀመሪያ አፉ እንጨቱ ላይ ካልተጫነ፣ ቀጥሎም ምላጩ ካልተሳበ አይተኩስም። የሚገዛ ሰው ይህንን ይምረጥ። ሚስማር ሲቀረቀር የአየር ቱቦውን ሳይነቅሉ መነካካት የለም። መነጽርም አይረሳ።

ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሙስሊምን እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ማሽኑን ይዞ ሲንቀሳቀሱ ጣትን ከምላጩ ማንሳት ከዚህ በምን ይለያል?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከተወጉ በኋላ የሚደረገው ነው። ቀዳዳው ትንሽ፣ ደሙም ጥቂት በመሆኑ ይናቃል። ከፋርማሲ ካፕሱል ገዝተው፣ ከፍተው ዱቄቱን የሚነሰንሱበት አሉ። ዱቄቱ ከላይ ይቀራል እንጂ ሥሩ አይደርስም፤ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም ደግሞ የሚመቸው አየር የማይገባበት ጥልቅ ቁስል ነው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ወንዶቹን ስጠይቃቸው ግን መቼ እንደተከተቡ አያስታውሱም። የማያስታውስ ሰው እንዳልተከተበ ይቆጠራል። የተከተበም ቢሆን 5 ዓመት ካለፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል መድገም ይኖርበታል።

አጥንት፣ መገጣጠሚያ፣ ደረት ወይም ዓይን ውስጥ የገባን ሚስማር በጉጠት አትንቀሉ፤ እንዳለ ሐኪም ቤት አድርሱት። ቀላል የመሰለውንም በንጹህ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቴታነስ ክትባቱንም ራሳችሁ ጠይቁ።