ሙያችንን የሚመርጥልን ማን ነው?



የብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በብዙ ቤቶች ኀዘን ይገባል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ወደ ቁምስናችን የመጣ አንድ ወጣት፣ «አባ፣ እንግዲህ የቀረልኝ እንጨት ሥራ መግባት ነው» አለኝ። የተናገረው እንደ ተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጋዝና መዶሻ ከእጁ የማይለይ ነበር። ታዲያ የሚወደውን ሥራ ውርደት ያደረገበት ማን ነው?

1ኛ/ የባህል ድርሻ

በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ተንቆ ኖሮአል። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያሉ መስደብ፣ ከእነርሱም ጋር በጋብቻ አለመተሳሰር የተለመደ ነበር። አንጥረኝነትና ሸክላ ሥራ መተዳደሪያቸው የነበረው ቤተ እስራኤልም ከዚህ ንቀት ብዙ ቀምሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጅ ግን አፍን ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ እናቶቻችን የሚጋግሩበት ምጣድ፣ በቅዳሴ ዕጣን የምናሳርግበት ጽና ሳይቀር የእነዚሁ የተናቁ እጆች ሥራ ነው።

ባህል ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። የዶርዜ ሽመና እስከ ዛሬ የኖረው አባት ለልጁ ስላስተላለፈው ነው። ክፋቱ ባህል ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሲሆን ነው፤ ይኸውም የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሸክላ በቀር ሌላ አይገባትም ሲባል፣ የባለሥልጣን ልጅ ደግሞ ጭቃ ቢነካ ነውር ነው ሲባል ነው።

2ኛ/ የተቋማት ድርሻ

ተቋማት መመዘኛ ያወጣሉ፤ ማውጣታቸውም ተገቢ ነው። ሳይመዘን ሐኪም የሆነ ሰው በሽተኛን ይጎዳል፤ ሳይመዘን መሐንዲስ የሆነም የሠራው ቤት በሰው ላይ ይፈርሳል። ነገር ግን መመዘኛ ችሎታን መለካቱን ትቶ ክብርን ማከፋፈል ሲጀምር ከተሠራበት ዓላማ ይወጣል። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያገኙትን ወደ መሰናዶ፣ የቀሩትን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይለይ ነበር። ሐሳቡ አገሪቱ የሠለጠነ ባለሙያ እንድታገኝ ነበር፤ ብዙ ወላጅ የተረዳው ግን «ቴክኒክ የወደቀ ልጅ ቦታ ነው» ብሎ ነው። ፈተናው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቀርም አስተሳሰቡ አልቀረም። እንዲህ ባለ መንገድ ባህልና ተቋም ሳይመካከሩ አንድ ቃል ተናገሩ።

3ኛ/ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

የናዝሬት ሰዎች በጌታችን የተሰናከሉት አናጢነቱን ስለሚያውቁ ነበር (ማር. 6፡3)። ሙያውን ለመናቅ ጠቀሱት፤ እርሱ ግን አላፈረበትም። ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ ነበረ (ሉቃ. 3፡23)፣ አብዛኛው ምድራዊ ሕይወቱ ያለፈው በዚያ ቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሠራ ወንጌልን ሰብኮአል (የሐዋ. 18፡3)። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የቅዱስ ዮሴፍ ሠራተኛው በዓል ሚያዝያ 23 ቀን እንዲከበር ሠርተዋል። ር.ሊ.ጳ. ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ የሥራ ክብር ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሥራውን ከሚሠራው ሰው የሚመነጭ መሆኑን አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1853 በቶሪኖ የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ ክፍሎችን የከፈተው ለድኾች ወጣቶች ነበር፤ የእጅ ሙያን ከትምህርትና ከጸሎት ጎን አኖረው እንጂ ከበታች አላደረገውም።

4ኛ/ ምን እናድርግ?

«ጥሪ» የሚለውን ቃል ለክህነትና ለምንኩስና ብቻ ማዋል ለምደናል። ነገር ግን የተጠመቀ ሁሉ ተጠርቶአል፤ ሙያውም ለጥሪው የሚመልሰው አንዱ መልስ ነው። እኔም በዚህ ነገር በድያለሁ። ለብዙ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁትን በመሠዊያው ፊት አቁሜ ስባርክ፣ በብየዳና በስፌት የተመረቁትን አንድም ቀን አልጠራሁም ነበር። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፣ «አባ፣ የኔ ልጅ አልተመረቀችም?» ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ አላስተዋልሁትም። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም በአንድነት ቆሙ።

እንግዲህ ወላጆችና የክርስትና አባቶች ልጅን «ምን አመጣህ?» ከማለት አስቀድመን «እግዚአብሔር ምን ሰጠህ?» ብለን እንጠይቅ። ፈተናውን ያለፈውንም «በተሰጠህ ዕውቀት ማንን ታገለግላለህ?» እንበለው። ለዚያ ወጣት የመለስሁለትም ይህንኑ ነው፤ ጌታ ያላፈረበትን ሥራ አንተ ለምን ታፍርበታለህ አልሁት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን የሚናቁ ሙያዎች የትኞቹ ናቸው? ባለሙያዎቹስ በቁምስናችን ምን ቦታ አላቸው?

ለ. ልጆቻችን ሙያ ሲመርጡ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው የራሳቸው ችሎታ ነው ወይስ የሰው አፍ?

ሐ. በፈተና ያልተሳካለትን ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ማን ይጎበኘዋል?