ሳይስማሙ የሚቆረጥ ብር፣ ሳይጠይቁ የሚጎርፍ ማስታወቂያ፦ ሕጉ ለስልክ ተጠቃሚው ምን ይላል?

ጥያቄ፦ «ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር ሶፋ ስገዛ፣ ዕቃውን ለማድረስ ያስፈልጋል ብለው ስልክ ቁጥሬን መዘገቡ። ከዚያ ወዲህ የመደብሩ ብቻ ሳይሆን የማላውቃቸው ድርጅቶች ማስታወቂያ ጭምር በጽሑፍ መልእክት ይጎርፍልኛል። የእናቴ ስልክ ደግሞ ይባስ። ጠዋት የሞላንላት ካርድ ማታ ቀንሶ ይገኛል። ብናጣራ በየቀኑ ሒሳብ የሚቆርጥ የጤና ምክር አገልግሎት ተመዝጋቢ ናት ተባልን፤ እሷ ግን መቼ እንደተመዘገበች አታውቅም። ሕጉ ምን ይላል? ማንን እንጠይቅ?»
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የጠያቂያችን ደብዳቤ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ይዟል። አንዱ ያልፈለጉት ማስታወቂያ ነው፤ ሌላው ያልተስማሙበት ክፍያ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አደባልቆ አቤት ስለሚል ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል፤ የሚመለከቷቸው ሕጎችም ተጠያቂዎቹም አንድ አይደሉምና። የሚያገናኛቸው አንድ ነጥብ ቢኖር ፈቃድ ነው። ባለ ስልኩ ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም? ይህን የማስረዳት ሸክም ደግሞ ተስማምቷል በሚለው ወገን ላይ ይወድቃል።

በመልእክቱ ጀርባ ያሉት ሦስት ወገኖች

መደብሩ ለሺህ ደንበኞች መልእክት የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስልክ አይደለም። በጅምላ የጽሑፍ መልእክት መላክን ሥራው ካደረገ ድርጅት ጋር ይዋዋላል። ይህ ድርጅት በበኩሉ ከቴሌኮም ኦፕሬተሩ፣ ማለትም ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ጋር ተስማምቶ በአጭር ቁጥር ወይም በድርጅት ስም መልእክቱን ያሰራጫል። ስለዚህ ባለንግዱ፣ አስተላላፊው ድርጅትና ኦፕሬተሩ እያንዳንዳቸው የሚጠየቁበት ድርሻ አላቸው። «እኛ አስተላላፊ ብቻ ነን» የሚል መልስ ከአንዱ ቢሰሙ ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም።

ቁጥሩን ከየት ያገኙታል? አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው እኛው ነን፦ በዕቃ ማድረሻ ቅጽ፣ በዕጣ ኩፖን፣ በቴሌግራም የሽያጭ ቡድን፣ በየሕንፃው በር ላይ ጥበቃው በሚያስጽፈው መዝገብ። ችግሩ የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ የሰጠነው ቁጥር ለሌላ ጉዳይ ሲውል ነው።

ስልክ ቁጥርዎ የግል ዳታዎ ነው

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ሲደነግግ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትንም ጠቅሷል። ዝርዝሩን ይዞ የመጣው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በአገራችን ሲም ካርድ በመታወቂያ፣ በባለቤቱ ስም የሚመዘገብ በመሆኑ ቁጥሩ ማንነትዎን ያመለክታል። ስለዚህ ጥበቃ የሚደረግለት የግል ዳታ ነው።

ለጠያቂያችን ጉዳይ ከአዋጁ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ የግል ዳታ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መዋል አለበት። ሶፋ ለማድረስ የተወሰደ ቁጥር ሶፋው ቤት ከገባ በኋላ ለሌላ ድርጅት የገበያ ዝርዝር ሊሆን አይችልም፤ መደብሩ ለዚህ የተለየ ፈቃድዎን አግኝቼ ነበር ካለ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሚባለው ለምን እንደሆነ ተነግሮት፣ ያለ ግዴታ፣ በግልጽ የተሰጠ ነው፤ የሰጠ ሰውም በማንኛውም ጊዜ ሊያነሣው ይችላል። ሦስተኛ፣ ባለ ዳታው ስለ እሱ ምን እንደተያዘ የማወቅ፣ ስህተቱን የማሳረም፣ የማስጠፋትና አጠቃቀሙን የመቃወም መብት አለው። አዋጁን የሚያስፈጽመውና አቤቱታ የሚቀበለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መደብሩ ስለ ራሱ ዕቃ ለቀድሞ ደንበኛው መልእክት ቢልክ የሚከራከርበት ነገር አያጣም። ቁጥሩን ለሦስተኛ ወገን ማሳለፉ ግን ያለ ፈቃድ ከተደረገ የሚያስጠይቀው ነው። ጠያቂያችን በአቤቱታቸው ዋና አድርገው ማንሣት ያለባቸውም ይህንኑ ነው።

ወንጀልስ አይሆንም?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፣ ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ብሎ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ በኢሜይል ወይም በተመሳሳይ የኤሌክትሮኒክ አድራሻ መልእክት ማሰራጨትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ድንጋጌው ማምለጫም አለው፤ ለምሳሌ ማስታወቂያው የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ ተቀባዩም «ይብቃኝ» የሚልበትን ቀላል መንገድ የያዘ ከሆነ አያስቀጣም።

ስልክ ቁጥር «የኤሌክትሮኒክ አድራሻ» ይባላል ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ ይባላል ባይ ነኝ፤ ሕጉ ሊከላከለው የፈለገው ጉዳት ኢሜይል ላይም ስልክ ላይም አንድ ነውና። ተከሳሹ ግን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 2 ጠቅሶ፣ ወንጀል በማመሳሰል አይፈጠርም፣ ማምለጫው ራሱ የሚያወራው ስለ ኢሜይል ነው ብሎ ይሟገታል። ስለዚህ ጠያቂያችን ጉዳዩን በፖሊስ እንዲጀምሩ አልመክርም። አንቀጹን በደብዳቤ ላይ መጥቀስ ግን አይጎዳም።

በየቀኑ የሚቆረጠው ሒሳብ

የእናትዎ ጉዳይ የውል ጉዳይ ነው። የዕለት ምክር፣ የዜና፣ የመንፈሳዊ ጥቅስ ወይም የጥሪ ማሳመሪያ አገልግሎት ገንዘብ ሊጠይቅ የሚችለው ውል ሲኖር ብቻ ነው። ውል ደግሞ ያለ ሁለት ፈቃድ አይቆምም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1682 ዝምታ የቀረበን ሐሳብ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። «ለሦስት ቀን በነፃ ሰጠንዎት፤ አቁሙ ስላላሉ ቀጠልን» የሚል አገልግሎት ሰጪ፣ ከነፃው ቀን በኋላ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ከመጀመሪያው ተናግሮ ተጠቃሚዋ እሺ ማለቷን ካላሳየ በስተቀር የሚቆምበት መሬት የለውም።

«ተጭነዋል» ሊባሉ ይችላሉ። ስልክ ሲነካኩ ድንገት ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ለማጥፋት ሲሉ እሺ የሚለውን መጫን ቀላል ነው። እዚህ ላይ የሸማቾች ሕግ ያግዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ መርጦ የመግዛትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቶታል። ዋጋው ያልተገለጸበት ወይም በማይነበብ ጥግ የተደበቀበት «እሺ» በእውቀት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ሆን ተብሎ ለማሳሳት የተዘጋጀ ከሆነም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1704 በተንኮል የተገኘ ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል። የተጫነው ስልኩን ለጨዋታ የወሰደ ሕፃን ከሆነ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የገባውን ውል ማፍረስ እንደሚቻል ያስታውሱ።

የተቆረጠውስ ይመለሳል? የመክፈል ግዴታ ሳይኖርበት የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 ይደነግጋል። ስለዚህ ምዝገባውን ማሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ተመላሹንም በግልጽ ይጠይቁ።

የሚዋሽ መልእክት

መልእክቱ ሐሰት ሲሆን መንገዱ ይለያል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በቴሌኮም የሚሰራጭንም ማስታወቂያ የሚመለከት ሲሆን፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ግማሽ ዋጋ» ብሎ ጠርቶ መደብሩ ሲደርሱ ዋጋው ያው ከሆነ መልእክቱን ይዘው ወደ ንግድ ቢሮ ይሂዱ። «ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ይላኩ» የሚለው ግን ከማስታወቂያ ተራ ያለፈ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ የማታለል ወንጀል ስለሆነ በቀጥታ ለፖሊስ ያመልክቱ። የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ማንም ቢሆን አይስጡ።

አሁን ምን ያድርጉ?

1. መልእክቱን አያጥፉ። የላኪው ስም ወይም አጭር ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪኑን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስለሚጠብቅ፣ ይህ ማስረጃዎ ነው።

2. ማቆሚያውን ይጠቀሙ። በመልእክቱ ግርጌ ማቆሚያ ቃል ከተሰጠ፣ ብዙ ጊዜ «ስቶፕ» የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ወደዚያው አጭር ቁጥር ይላኩ፤ የሚመጣውን ማረጋገጫም ያቆዩ። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ለመጣ አጠራጣሪ መልእክት ግን አይመልሱ፤ ሊንኩንም አይክፈቱ።

3. ለባለንግዱ በጽሑፍ ይንገሩ። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ስልክ ቁጥሬን የሰጠሁት የገዛሁትን ዕቃ እንድታደርሱልኝ ብቻ ነው። ለማስታወቂያ መጠቀማችሁን እቃወማለሁ። ቁጥሬን ለማን እንዳሳለፋችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ ከዝርዝራችሁም እንድትሰርዙኝ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት እጠይቃለሁ።» ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማ ይያዙ።

4. ለኦፕሬተሩ ያመልክቱ። ለእናትዎ ጉዳይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምዝገባው በየትኛው ቀንና በምን መንገድ እንደተፈጸመ የሚያሳይ መረጃ፣ የምዝገባውን መሰረዝና የተቆረጠውን ተመላሽ። በስልክ ካመለከቱ የአቤቱታ ቁጥር ሳይቀበሉ አይዝጉ። መስመሩ በእናትዎ ስም ስለሆነ እሳቸው አብረው ቢሄዱ ይመረጣል፤ ካልቻሉ ውክልና ይያዙ።

5. መልስ ካጡ ወይም መልሱ ካላረካዎ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሂዱ። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኦፕሬተሮቹ ተቆጣጣሪ ነው፤ ለቴሌኮም ሸማቾች መብትም መመሪያ አውጥቷል። መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ ማመልከትዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ አለዚያ ተመልሰው ወደዚያው ይላካሉ። የአሳሳች ማስታወቂያና የዋጋ ጉዳይ ደግሞ ለከተማዎ ወይም ለክልልዎ ንግድ ቢሮ፣ ወይም ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይቀርባል።

ፍርድ ቤትስ? በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ወጪና ገቢውን ያስሉ። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ ሲያቀርቡ የደረሰብዎን ጉዳት በቁጥር ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። በመልእክት ጋጋታ ስለተሰላቹ የሞራል ካሣ ቢጠይቁ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 የሞራል ካሣን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። የተቆረጠብዎ ገንዘብ ብዙ ካልሆነ ወይም ብዙ ተጎጂዎች አብራችሁ ካልቆማችሁ የአስተዳደር አቤቱታው የተሻለ መንገድ ነው።

ለነጋዴዎችም አንድ ቃል። በስልክ ማስተዋወቅ የተከለከለ አይደለም። ከደንበኛው ቁጥር ሲቀበሉ «ስለ አዲስ ዕቃ መልእክት እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» የሚል የተለየ መስመር ቅጹ ላይ ያስገቡ፤ መልሱን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ስምዎንና ማቆሚያውን ይጻፉ። የተገዛ የቁጥር ዝርዝር አይጠቀሙ፤ ሻጩ ፈቃዱን ማሳየት ካልቻለ እርስዎም ማሳየት አይችሉም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ አዲስ ነው። አዲስ ሕግ በተግባር ምን ያህል ጥርስ እንዳለው የሚታወቀው አቤቱታ ሲቀርብበትና ውሳኔ ሲሰጥበት ነው። በየቀኑ የሚቆረጠው ሁለት ብር ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ከብዙ ሺህ ሰው ሲሰበሰብ ግን ትልቅ ገቢ ነው፤ የሚቀጥለውም ሁሉም «ትንሽ ናት» ብሎ ስለሚተዋት ነው። አይተዉት። ማስረጃዎን ይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ።