ለጣት የሚሆን ሥዕል

ልጄ፣ አዊ ዞን፣ አዘና ከተማ በምታስተምርበት ክፍል ማየት የተሳናት ልጅ እንደገባች ሰማሁ። ትምህርቱን በቃል ማስረዳቱ አያቅትህም፤ የሚያስቸግርህ የመጽሐፉ ሥዕል ነውና ስለ እሱ ልንገርህ።

1. ሥዕሉን እንዳለ አትገልብጠው፤ ቀንሰው። ዓይን ሁሉንም ባንዴ ያያል፤ ጣት ግን ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ነው የሚለቅመው። ለምሳሌ በአካባቢህ ላለው ለዘንገና ሐይቅ አንድ ክብ መስመር ይበቃል። 166 ሜትር ጥልቀቱን ማሳየት ካማረህ ሌላ ወረቀት አዘጋጅ።

2. በቀለም ፋንታ ሸካራና ለስላሳ ተጠቀም። ውሃው ላይ ጤፍ በኮላ ለጥፍ፣ መሬቱን ባዶውን ተወው፣ መንገዱ ሲባጎ ይሁን። ሁለት መስመሮች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተራራቁ ጣት አንድ ያደርጋቸዋል።

3. በጣት የሚዳሰስ ነጥብ ለማውጣት ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ ይበቃሃል፤ ጫፉ የዶለዶመ ይሁን። ከወፍራም ወረቀት ሥር ጨርቅ አንጥፈህ ከጀርባው ውጋ። ነጥቡ የሚነሣው በወዲያኛው ፊት ስለሆነ የሥዕሉን ግራና ቀኝ አዙረህ ሣል፤ አለዚያ ምሥራቅህ ምዕራብ ይሆናል።

4. በየዓመቱ ጥር 23 በበዓላቸው ላይ የሚነሡትን የአገው ፈረሰኞች ፎቶግራፎች አስታውስ። ፈረሶቹ ተደራርበዋል፣ የአንዳንዱ እግር ሁለት ብቻ ነው የሚታየው። የጎደለውን ዓይን ይሞላዋል፤ ጣት አይሞላም። ስለዚህ አንድ ፈረስ ብቻ፣ ከጎኑ፣ አራቱም እግሮቹ ተለያይተው። ፈረሰኛው በሌላ ወረቀት ይምጣ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ልጅቱን ገራም ፈረስ ዘንድ ወስደህ ማስዳሰስ ነው፤ አዊ ውስጥ ሆነህ ፈረስ አጣሁ አትለኝም መቼም!

5. እጇን ይዘህ አትጎትት። «ይህ ሐይቅ ነው፣ በላይ በኩል ሰሜን ነው» በላትና በሁለቱም እጆቿ ራሷ ትፈልገው። አንተ ዝም በል። ለእኛ ለመምህራን ይህ ከወስፌው ሥራ ይከብዳል።

6. ዓይኔን ጨፍኜ ልፈትነው አትበል፤ የሣልከውን አስቀድመህ ታውቀዋለህ። የምትፈርደው እሷ ናት። ምንድን ነው ብላ ከጠየቀችህ ሥዕሉ ነው የወደቀው፣ እሷ አይደለችም።

7. ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የገባችበት፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን ሊያነቡት በሚችሉት መልክ ማዘጋጀትን የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት ጽሑፍን ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለውን ሥዕልም ይመለከታል። ካርታውን ዘልሎ ፊደሉን ብቻ በብሬል ያወጣ መጽሐፍ ለእኔ ገና አላለቀም። አንተም የሠራሃቸውን ወረቀቶች እንዳትጥል፤ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠህ ለሚተካህ መምህር አስረክብ።